የዶቅዶቄ አተላ

ግሮቭ ሲቲ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት በብሮድዌይ ወዲያና ወዲህ ባሉት መንደሮች ሰዎች ያረጀ ዕቃቸውን በየደጃቸው ዘርግተው ይሸጣሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ለልጄ ብስክሌት ፍለጋ ስዞር ካንድ ቤት ጋራዥ በር ላይ አቧራ የጠጣች ሞተር ሳይክል ቆማ አየሁ። የ1971 ሞዴል ሆንዳ ሲቢ 350 ናት። ባለቤትየው ከሃያ ዓመት በላይ እንዳልተነሣች ነግሮ በወረደ ዋጋ ለቀቀልኝ። ብስክሌቱን ረስቼ እሷን በሰው መኪና አስጭኜ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ምን እንዳለችኝ እዚህ ላይ አልጽፈውም።

ቤንዚን ጨምሬ፣ ባትሪ ቀይሬ እግሬን ማስነሻው ላይ ሳሳርፍ ከማዶ «እንዳትረግጣት!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ጎረቤቴ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። እዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በመጋዘን ካርቶን ሲያነሡ ኖረዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው «አገርዎ ምን ነበሩ?» ብሎ እንዳልጠየቃቸው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ መካኒክ ኖረዋል። አጠገቤ መጥተው የዘይት መፈተሻዋን ዘንግ መዘዙ፤ በጣታቸው አሽተው፣ አሸተቱና «ይቺ አተላ ነው የያዘችው። እንዲህ ብታስነሣት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቴስታታዋን ትበላለች» አሉኝ።

ክቡራን አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ የሞተር ጥገና ለማስተማር የተነሣ አይደለም። ከዚያች ሞተር ሆድ የወጣው ጥቁር ጭቃ ከየት እንደመጣ ስከታተል መንገዱ አዲስ አበባም ኦሃዮም አደረሰኝና እሱን ላካፍላችሁ ብዬ ነው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ልበል። ጋሼ መሣሪያቸውን ከፍተው ሥራ ሲጀምሩ «ካቻቢቴ አቀብለኝ፣ መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ፍታ፣ ማርሚታውን እንዳትነካ፣ ፍሪሲዮኑ ክዳን ሥር ያለው ጓርኒሲዮን መቀየሩ አይቀርም» ይሉኛል። ከእነዚህ ቃላት አንዱም ከግዕዝ የመጣ አይደለም፤ ሁሉም የኢጣልያ ናቸው። ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ቡሎን፣ ሊብሬና ቦሎም እንደዚሁ። ወጣት ሳለሁ ይህ ያናድደኝ ነበር፤ ድል አድርገን ያባረርነውን ጠላት ቃል በየጋራዡ ስንደግም መኖራችን ውርደት ይመስለኝ ነበር።

አመጣጡ ግን እንዲህ ነው። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የነዳው ሠራዊት አንድ ሺህ ሰባት መቶ ያህል ተሽከርካሪ ይዞ ነበር። ጣርማ በር ላይ ጭቃውና የተቆረጠው መንገድ አቆይቶት ከተማዪቱ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን በአገራችን መንገድ ከሮጡት ሞተር ሳይክሎች አንዷ ሞቶ ጉዚ ጂቲ 17 ናት፤ አንድ ሲሊንደሯን ወደ ፊት አጋድማ የምትሄድ፣ 500 ሲሲ የሆነች የጦር ሞተር። «ዶቅዶቄ» የሚለው ስም ከየትኛዋ ሞተር ድምፅ እንደተወሰደ ማን ያውቃል፤ እንዲህ ያለች ባለ አንድ ሲሊንደር ግን ድምፅዋ በትክክል እንደዚያ ነው። ኢጣልያኖች ለአገሬው ልጅ የሚፈቅዱት ትምህርት እጅግ የተወሰነ ስለ ነበረ፣ የሞተሩን ሥራ ልጆቹ የተማሩት በክፍል ውስጥ ሳይሆን ዕቃ እያቀበሉ፣ በጆሮአቸው ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተመለሱ በኋላም የእጅ ሥራ የሚያውቁ ብዙ ኢጣልያኖች እዚያው ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። የጋሼ አስተማሪ ከእነዚያ ካንዱ ሥር ተለማማጅ የነበረ አበሻ ነው፤ ጋሼ ደግሞ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአሥራ አራት ዓመታቸው ከእሱ ሥር ገቡ። እንዲህ ሲነግሩኝ ቃላቱ ወራሪው የሰጠን ሳይሆኑ ልጆቹ ከእጁ የወሰዱበት መሆናቸው ገባኝ። ጋሼ ግን በዚህ ነገር ብዙም አይጨነቁም። «ስሙን ምንም በለው፣ ብቻ ቡሎኑን እንዳትበላው» ነው መልሳቸው።

ቡሎን ስላልኩ፣ የድሮ ጃፓን ሞተር ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። በሞተሯ ክዳን ላይ ያሉት ባለ መስቀል ቡሎኖች አሜሪካን አገር ለሚሸጠው ካቻቢቴ የተሠሩ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ የጃፓን የራሱ ልክ ነው። በተራው ካቻቢቴ ስትፈቱ ራሱ ይላጣል። እኔ ሦስቱን ከላጥሁ በኋላ ነው ጋሼ ያዩኝ።

ዘይቱን ስናወርደው እንደ ሬንጅ ነበር። ከመሬት የወጣ ዘይት ሲገባ የማር ወለላ የመሰለ ነው፤ ታዲያ ምን ያጠቁረዋል? ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑ ሲነድ ጥቂቱ ጭስ በፒስተኑ ፋሻ ዙሪያ ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል። ከጭሱ ጋር ጥላሸት፣ ያልነደደ ቤንዚንና ውኃ አለ። ቤንዚን ሲነድ ውኃ እንደሚወልድ ብዙ ሰው አያስተውልም፤ በብርድ ጠዋት ከመኪና ማርሚታ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሞተር ይግልና ውኃውን አትንኖ ያወጣዋል። እስከ ሱቅ ሄዶ የሚመለስ ሞተር ግን ውኃውን እያጠራቀመ ከዘይቱ ጋር ይለውሰዋል። በዚያ ላይ ዘይቱ ራሱ በሙቀትና በአየር ብዛት ይመርራል፣ ይጓጉላል። በሞተር ሳይክል ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም እንዲህ ባሉት ሞተሮች ያው አንዱ ዘይት ሞተሩንም፣ ፍሪሲዮኑንም፣ ካምቢዮውንም ያገለግላል። የካምቢዮው ጥርስ የሚያራግፈው ብረትና የፍሪሲዮኑ ሸራ ብናኝ ሁሉ እዚያው ይገባል። ጠላ ሲጠመቅ ከሥር የሚቀረውን አስቡት፤ ጋሼ አተላ ማለታቸው አለምክንያት አይደለም።

የቀድሞ ሠሪዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ መላቸው ግን ጥቂት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሞተር ሳይክሎች ዘይቱ አንድ ጊዜ አልፎ መሬት ላይ ይፈስስ ስለ ነበር አተላ የሚጠራቀምበት ጊዜ አልነበረውም። ዘይቱ እየተመላለሰ እንዲሠራ ከተደረገ ወዲህ ነው ጣጣው የመጣው። ኧርነስት ስዊትላንድ የተባለው አሜሪካዊ በ1923 ለመኪና የዘይት ማጣሪያ ሠርቶ ፑሮሌተር ብሎ ሰየመው። ሞተር ሳይክሎች ግን ለብዙ ጊዜ ከወንፊት የተሻለ አላገኙም፤ ወንፊት ደግሞ ጠጠሩን ይይዛል እንጂ ዱቄቱን ያሳልፋል። እንግሊዞች በነትራያምፍና ቢ.ኤስ.ኤ. ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ የፈጠሩት ዘዴ ተንኮለኛ ነው። የዋናውን ተሽከርካሪ ዘንግ ሆድ ቦርቡረው ቱቦ ከተቱበት፤ ዘንጉ ሲሽከረከር አተላው ወደ ቱቦው ግድግዳ እየተወረወረ ይጋገራል። ጥሩ ነው፤ ግን ቱቦውን ለማጽዳት ሞተሩን እስከ መጨረሻዋ ቡሎን መበተን ያስፈልጋል። ማን ይበትነዋል! ስለዚህ ቱቦው ይሞላል፣ የዘይቱ ቀዳዳ ይዘጋል፣ አንድ ቀን በሙሉ ፍጥነት ላይ እያለ ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ ይሰበርና የሞተሩን ጎን ቀድዶ ይወጣል።

ሆንዳ ያንኑ ሐሳብ ወስዶ የሚከፈት አደረገው። በእኛዋ ሲቢ 350 ቀኝ ጎን፣ ከትንሽ ክዳን ሥር፣ ከዘንጉ ጋር የምትሽከረከር የአሉሚኒየም ኩባያ አለች። እናቶቻችን ጤፍ ሲያንገዋልሉ ጠጠሩ ለብቻው ጥግ እንደሚይዝ፣ ኩባያዋም ዘይቱን ስታሽከረክር ከባድ ከባዱ ወደ ግድግዳዋ ይሸሻል፤ ንጹሑ ከመሐል ወደ ሥራው ያልፋል። ይህች ሞተር በደቂቃ ከአሥር ሺህ ዙር በላይ መሽከርከር ትችላለችና ኃይሉ ቀላል አይደለም። የወረቀት ማጣሪያ የላትም። ከክዳኑ ጀርባ ያለውን ቀለበት አውጥቶ፣ ኩባያዋን ከፍቶ መጥረግ ብቻ ነው። የዚህ አካባቢ ሰው ሆንዳን የሚያውቀው በሜሪስቪል ነው። ፋብሪካው መስከረም 1979 በ64 ሠራተኞች ሥራ ሲጀምር የሠራው ሞተር ሳይክል እንጂ አውቶሞቢል አልነበረም። አኮርድ የተባለችው መኪና የመጣችው በ1982 ነው። ሞተር ሳይክል ማምረቱ እዚያ በ2009 ቆሟል። የእኔዋ ግን ከዚያ ሁሉ ትቀድማለች፤ የጃፓን ልጅ ናት።

ጋሼ ኩባያዋን ሲከፍቱ ዘይት አልፈሰሰም። ውስጧ ሞልቶ፣ ደርቆ፣ እንደ ሸክላ ጭቃ ተጣብቆ ነበር። በጣታቸው ዛቅ አድርገው አሳዩኝ፤ ጥቁር ነው ብዬ ስጠብቅ ወደ አመድማ ግራጫ ያደላ ነበር። «ይህ ግራጫው ምንድን ነው?» ብላቸው «የድሮ ሞተር ሁሌም እንዲህ ነው» አሉኝ። መልሱን ያገኘሁት ማታ ሳነብ ነው። መልሱም ያለው እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ ነው።

በ1910ሮቹ የመኪና ሞተር ጉልበት ሲጨምር «ማንኳኳት» የሚባል ሕመም ያዘው፤ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየፈነዳ ፒስተኑን ይደበድበዋል። ዴይተን ከተማ፣ ከእኛ አንድ ሰዓት ተኩል በማይሞላ መንገድ፣ ቻርልስ ኬተሪንግ በሚመራው ላቦራቶሪ ውስጥ ቶማስ ሚጅሊ የሚባል መሐንዲስ ለዚህ መድኃኒት ፍለጋ ብዙ ኬሚካል ሞከረ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1921 እርሳስ ያለበት አንድ ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ሲጨምርበት ማንኳኳቱ ጸጥ አለ። በየካቲት 1923 ይኸው ቤንዚን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የተሸጠው እዚያው ዴይተን ነው። ስሙን ኢቲል አሉት፤ «እርሳስ» የምትለዋን ቃል ከስሙ አስወጧት። እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው።

ሚጅሊ ራሱ በዚያው ዓመት በእርሳስ ታምሞ ለማገገም ከሥራው ርቆ ነበር። በጥቅምት 1924 ፈሳሹን በሚያመርት አንድ የኒው ጀርዚ ተቋም ውስጥ አምስት ሠራተኞች አእምሮአቸውን ስተው ሞቱ። ጋዜጣው ሁሉ ተንጫጫ። በወሩ መጨረሻ፣ ጥቅምት 30 ቀን፣ ሚጅሊ ኒው ዮርክ ላይ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ፈሳሹን በእጁ ላይ አፈሰሰ፣ እጁን ታጠበበት፣ ብልቃጡንም አፍንጫው ሥር ይዞ ለአንድ ደቂቃ ያህል ማገው። «ምንም አያደርግም» ለማለት ነው። ገና ከሕመሙ ያገገመ ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ያህል ዓለም በሙሉ በዚያ ቤንዚን ነዳ። እዚህ አሜሪካ በ1970ዎቹ መቀነስ ተጀምሮ ለመንገድ ተሽከርካሪ ፈጽሞ የተከለከለው በጥር 1996 ነው። ከሰሐራ በታች ያሉት የአፍሪካ አገሮች ባጠቃላይ የተውት እስከ 2006 መግቢያ ሲሆን፣ የዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቁማለች። ሚጅሊ ይህን አላየም። በ1940 በፖሊዮ ተይዞ አካሉ ሰለለ፤ ከአልጋ የሚያነሣውን የገመድና የመዘውር ማንሻ ራሱ ፈጥሮ ሠራ። በ1944፣ ከኮለምበስ በስተሰሜን በምትገኘው በዎርዚንግተን ቤቱ ውስጥ በዚያው ገመድ ታንቆ ሞተ።

በእርሳስ ቤንዚን የሠራ ሞተር እርሳሱን በከፊል ለአየር ሲሰጥ ከፊሉን ለዘይቱ ይሰጣል። በዘይቱ ውስጥም ከባዱ እሱ ነው፤ ኩባያዋም ከባዱን ለመያዝ የተሠራች ናት። የ1971 ሞተር የኖረችበትን ዘመን ስታስቡ ግራጫው ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

በማግስቱ የላስቲክ ጓንት ገዝቼ ለጋሼ ሰጠኋቸው። «ምንድን ነው ይኼ? ሐኪም አደረግኸኝ እንዴ?» አሉኝ። ያነበብሁትን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስለ ሚጅሊ እጅ መታጠብ ስደርስ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አዩዋቸው። «እኛ ሁልጊዜ በቤንዚን ነበር የምንታጠበው» አሉ። «ማታ ሥራ ሲያልቅ ባልዲው ይመጣል፤ ከጌታው እስከ ተለማማጁ ሁላችንም እዚያ ውስጥ። እኔ ልጁ ስለ ነበርሁ ባልዲውን የምቀዳው እኔ ነኝ። ካርቡራተሩን በአፋችን ስበን እናጸዳለን። አስተማሪዬ ኋላ ላይ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኛ በአረቄ አሳበብነው።» የአስተማሪያቸውን ሕመም ምን እንዳመጣው እኔም እሳቸውም ልንፈርድ አንችልም፤ ያየው ሐኪም የለም። ጋሼ ግን ያን ቀን ብዙም አልሠሩም፤ በጊዜ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሲመለሱ ጓንቱን አጠለቁ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ነው የታገሡት፤ «በዚህ ብረት አያናግረኝም» ብለው ለብረት ማየቱ የአንዱን እጅ አወለቁ፤ ጭቃውን የነካውን አላወለቁም።

ብረት ማየት ያልሁት ይህ ነው። ኩባያዋን በእንጨት ስንጥር ፍቀን አተላውን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተን በነጭ ጋዝ አጠብነው። ከዚያም ጋሼ ማግኔት በላስቲክ ጠቅልለው አለፉበት። እንደ ፀጉር የቀጠነ ብረት ተሰበሰበ። «ይህ የካምቢዮ ጥርስ ነው፤ በሃምሳ ዓመት ይህን ያህል ጤና ነው» አሉ። ማግኔቱ ጥሎት የሄደው ግን ያብለጨልጭ ነበር፤ አሉሚኒየም ነው። እሱ አላስደሰታቸውም። በዚህች ሞተር ላይ ቫልቮቹን የሚገፋው የላይኛው ዘንግ በኩሽኔታ አይደለም የሚሽከረከረው፤ በቀጥታ በአሉሚኒየም ውስጥ ነው። ዘይት ለአፍታ ካጣ አሉሚኒየሙን ይፍቃል። ዘይቱ ደግሞ መጨረሻ የሚደርሰው እዚያ ላይ ነው። «አስነሥተሃት ቢሆን...» ብለው አልጨረሱትም።

የፍሪሲዮኑን ክዳን አውርደን ከሥር ያለውን ወንፊት አየነው፤ ግማሹ በጎማ ፍርፋሪ ተደፍኗል፣ የሰንሰለት መግፊያው ያራገፈው ነው። ይህን ሁሉ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀብን። የዘይቱን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በቀጭን ሽቦ ሳይሆን በአየር ነው የነፋናቸው፤ ሽቦ አተላውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል ይላሉ ጋሼ። አንዳንድ ሰው ይህን ድካም ለማምለጥ ሞተር አጣቢ ፈሳሽ ጨምሮ ያስነሣል። ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ዘይት ውስጥ እንደ ሳሙና የሚያጥብ ቅመም ይገባል፤ ከትልልቆቹ የቅመሙ ሠሪዎች አንዱ ሉብሪዞል በ1928 ክሊቭላንድ ውስጥ የተመሠረተ የኦሃዮ ድርጅት ነው። ለንጹሕ ሞተር መልካም ነው። በአተላ ለተሞላ ሞተር ግን የተጋገረውን በአንዴ ያላቅቅና ጠባቡን መንገድ ይደፍነዋል፤ ጋሼ በዚህ መንገድ የሞቱ ሞተሮችን አይቻለሁ ይላሉ፣ እኔም አምናቸዋለሁ።

በቴስታታው ጎን ያሉትን ክዳኖች አውጥተን በባትሪ መብራት ስናይ አሉሚኒየሙ ተጭሯል፤ ግን በጥፍር ሲዳሰስ አይይዝም። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «ይኼዳል» አሉ። ያን ቃል ስጠብቅ ትንፋሼን ይዤ እንደነበረ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጭቃውንና የታጠብንበትን ጋዝ በጠርሙስ አሽገን ለብቻው አስቀመጥነው። የፍራንክሊን ካውንቲ ቆሻሻ የሚቀበረው ራሱ እዚሁ ግሮቭ ሲቲ ነውና፣ እርሳሱን ከወጥ ቤት ቆሻሻ ጋር ብጥለው ከቤቴ ብዙም አይርቅም። አደገኛ ፈሳሽ ለይተው ለሚቀበሉት ወስጄ አስረከብሁ። ያሮጌውን ዘይት የመኪና ዕቃ ሱቅ በነፃ ተቀበለኝ።

አዲስ ዘይት ሁለት ሊትር ያህል ጨመርን። ጋሼ ካንዴላዎቹ ወልቀው እያለ መርገጫዋን ደጋግሜ እንድረግጥ አዘዙኝ፤ ሞተሯ ሳትነድ ዘይቱ እስከ ላይ እስኪደርስ ነው። ላቤ ጠብ እስኪል ረገጥሁ። የላዩን ክዳን ከፍተው በመብራት አዩና የማር መልክ ያለው ዘይት ብቅ ሲል ጣታቸውን አነከሩበት። «አሁን ካንዴላዎቹን መልስ» አሉ።

በአራተኛው ርግጫ ተነሣች። ጎረቤቶቻችን በየመስኮቱ ብቅ ብቅ አሉ፤ ልጄ ከቤት ሮጣ ወጣች። እኔ ልጮህ ስል ጋሼ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝና ጆሮአቸውን ወደ ሞተሯ አዘነበሉ።

«የግራዋ ካንዴላ ደከም ብላለች» አሉ። «ነገ እናያታለን።»